ስለ ተመላሹ ደብዳቤና ስለ ከባዱ አባሪ

ዘመድ ከዘመዱ ርቆ በሚኖርበት በዚህ ዘመን ቤተ ሰብን አያይዞ የሚያኖረው ደብዳቤ መሆኑ የታወቀ ነው። ደብዳቤውም ዛሬ በእግረኛ ወይም በበቅሎ የሚሄድ ሳይሆን ኢሜይል በሚሉት መንገድ የሚላክ ስለ ሆነ፥ ከይጁቤ ተነሥቶ አሜሪካ እስኪደርስ አንድ ጀበና ቡና የሚፈላበትን ጊዜ እንኳ አይፈጅም። ነገር ግን ይህ ፈጣን መልእክተኛ አንድ ጠባይ አለው፤ ሸክም ሲበዛበት ከመንገድ ይመለሳል። መመለሱንም በእንግሊዝኛ ቋንቋ በአጭሩ ጽፎ ያስታውቃል እንጂ ደጅ መጥቶ አይጣራም። ይህን ጠባዩን ባለማወቅ ቤት ሲታወክ በሥራችን ምክንያት ለማየት ስለ ቻልን፥ ለቤተ ሰብ በተለየው በዚህ ገጽ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በምትገኘው በባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ በይጁቤ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ባልቴታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው እዚሁ ናቸው፤ ታላቁ ልጅ ግን ወደ አሜሪካ ከተሻገረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ኑሮውም በዋሽንግተን አቅራቢያ ነው። ሟቹ ያቈዩት አንድ የከተማ ቤትና አንድ ኑዛዜ ነበር። የወራሽነቱ ነገር በፍርድ ቤት ሲታይ፥ ታላቁ ልጅ ጽሕፈቱን ሁሉ ተመልክቶ በኤምባሲ በኩል የውክልና ቃሉን እንዲልክ ቀጠሮ ተሰጠ። ጽሕፈቱም ኑዛዜው፥ የምስክሮቹ ቃል፥ የቤቱ ካርታና የግብሩ ደረሰኝ ተደምሮ 46 ገጽ ነበር።

ታናሽ እኅቱ በደብረ ማርቆስ የተማረች ብልኅ ልጅ ናት። 46ቱን ገጽ እያንዳንዱን በስልኳ ፎቶግራፍ አነሣች። አንዱ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ያህል ይመዝን ነበር። ይህን ቃል ለማያውቁት፥ ባይት ማለት አንድ የላቲን ፊደል የሚይዘው ስፍራ ሲሆን፥ አንድ ሚሊዮን ባይት አንድ ሜጋባይት ይባላል። ስለዚህ የጽሕፈቱ ሁሉ ክብደት 184 ሜጋባይት ሆነ። ልጅቱም በአንድ ኢሜይል የሚፈቀደው 25 ሜጋባይት መሆኑን ሰምታ ነበርና፥ ስድስት ስድስት ፎቶግራፍ እየከፈለች፥ ይኸውም በአንዱ ደብዳቤ 24 ሜጋባይት ብቻ እያደረገች፥ ሰባት ደብዳቤ ላከች። የቀሩትን 4 ገጾች በስምንተኛው ደብዳቤ አስከተለች። የኔትዎርኩ ነገር የታወቀ ስለ ሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምራ የጨረሰችው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ታላቁ ልጅ ስልክ ደወለ። ቃሉም የቍጣ ቃል ነበር። «የቤቱን ካርታና የግብሩን ደረሰኝ አየሁት፤ የአባቴ ኑዛዜ ወዴት አለ? ራሱን ሸሽጋችሁ ጭራውን ብቻ የላካችሁልኝ ምን አስባችሁ ነው?» አለ። እኅቱ ሁሉንም ልኬአለሁ ብላ ማለች፤ እሱ ግን አላመነም። እሷም ያለ በደሏ መጠርጠሯ ስላንገበገባት፥ «ኑዛዜውን አይቶታል፤ ላለመፈረም ምክንያት ፍለጋ ነው እንጂ» ብላ ለጎረቤት ተናገረች። ይህም ቃል በሌላ ሰው ስልክ አሜሪካ ደረሰ። እናቲቱ በሁለት ልጆቻቸው መካከል ቆመው እህል ጠሉ። ለቀጠሮው የቀረው አንድ ወር ከዐሥር ቀን ነበር።

ባልቴቲቱ ወደ እኛ የመጡት ግን ስለ ቀጠሮው አልነበረም። ታናሹ ወንድ ልጃቸው የእኅቱን ስልክ ሲመለከት፥ ከላከቻቸው ደብዳቤዎች ግርጌ «ሜለር ዴሞን» ከሚባል ላኪ የመጡ ሰባት የእንግሊዝኛ ጽሕፈቶች አገኘ። ከትምህርት ቤት የሚያውቀውንም ተርጕሞ፥ ዴሞን ማለት ጋኔን ነው አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ከመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ቆሙና፥ «ልጄ፥ አንተ ከቄስ ትምህርት ቤትም ከሚሲዮንም ተምረሃል፤ በልጆቼ መካከል የገባው ማን እንደ ሆነ ንገረኝ» አሉን።

ሣቅ ቢያሸንፈንም የጠየቁት ነገር ከንቱ አልነበረም። ቃሉ በእውነት ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ኤም አይ ቲ በሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት የነበሩ የኮምፒዩተር ሊቃውንት፥ ሰው ሳያያቸው ከበስተ ኋላ ሆነው ሥራ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በዚህ ስም ጠሯቸው። ስሙንም የወሰዱት፥ ማክስዌል የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በሐሳቡ ከፈጠረው፥ ደጅ ቆሞ የአየርን ቅንጣት እየለየ ከሚያስገባና ከሚያስወጣ በረኛ ነው። ሜለር ዴሞን ማለት እንግዲህ የኢሜይል ቤት አሽከር ማለት ነው፤ ሥራውም ደብዳቤ ሳይደርስ ሲቀር ለላኪው ወሬ ማምጣት ነው። ለባልቴቲቱም፥ «እመይቴ፥ ይህስ መልእክተኛ ነው፤ ሰባት ጊዜ መጥቶ የሚሰማው አጣ» አልናቸው።

ጽሕፈቶቹን ስናነብ በሰባቱም ላይ 552 እና 5.3.4 የሚሉ ቍጥሮች አገኘን። ሰው እንግሊዝኛውን ባይችል እንኳ እነዚህን ቍጥሮች ማወቅ ይበቃዋል። በ4 የሚጀምር ቍጥር ለጊዜው አልተቻለም ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ መኪናው ራሱ ደጋግሞ ይሞክራልና መታገሥ ይገባል። በ5 የሚጀምር ግን ቍርጥ እንቢታ ነው፤ ያንኑ ደብዳቤ እንዳለ መልሶ መላክ ድካም ብቻ ነው። 5.1.1 ቢል አድራሻው የለም፤ 5.2.2 ቢል የተቀባዩ ሣጥን ሞልቶአል፤ 5.3.4 ቢል ደብዳቤው ከቤቱ ልክ በላይ ከብዶአል። የሣጥን መሙላት ነገር ከተነሣ፥ በጉግል ለአንድ ሰው ያለ ዋጋ የተሰጠው ስፍራ 15 ጊጋባይት ሲሆን፥ ይህም ለደብዳቤው፥ ለፎቶግራፉና ድራይቭ ለሚሉት ጎተራ በአንድነት ነው። ስለዚህ የልጆቹን የልደት ፊልም ሁሉ እዚያ ያከማቸ አባት አንድ ቀን ደብዳቤ መቀበል እንደሚከለከል ሊያውቀው ይገባል።

የልጅቱ ደብዳቤ 24 ሜጋባይት ሆኖ ሳለ 25 በሚፈቅድ ቤት ስለ ምን ከበደ? የዚህ ነገር ምክንያት ከኢሜይል አፈጣጠር የመጣ ነው። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በመረብ ደብዳቤ በላከ ጊዜ፥ የተላከው ፊደል ብቻ ነበር። በ1982 የወጣው የመላላኪያ ደንብም የእንግሊዝኛን ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ነበር። ሥዕልና ድምፅ በዚህ በር ሊያልፍ ስላልቻለ፥ በ1992 አዲስ ደንብ ተጨመረ፤ ይኸውም ማናቸውም አባሪ ወደ ተራ ፊደል እየተለወጠ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። በዚህ ለውጥ ሦስት ባይት የነበረው አራት ይሆናል። እህል ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ቍናው እንደሚበዛ ማለት ነው። እንግዲህ 24 ሜጋባይት የነበረው ደብዳቤ በመንገድ ላይ ከ32 በላይ ሆኖ ከደጁ ተመለሰ። አራት ገጽ ብቻ የያዘው ስምንተኛው ደብዳቤ ግን 16 ሜጋባይት ስለ ነበረ ወደ 22 ገደማ ደርሶ አለፈ። በእነዚያም አራት ገጾች ላይ የነበረው የቤቱ ካርታና የግብሩ ደረሰኝ ነው። ታላቁ ልጅ ጭራውን ብቻ አየሁ ማለቱ እውነት ነበር፤ እኅቱም ሁሉን ላክሁ ማለቷ እውነት ነበር።

ልጅቱ ይህን በሰማች ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፥ «ታዲያ ስልክ ሲደውል ስንት ገጽ ደረሰህ ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረ?» አለች። እኛም በመዝገብ ቤት ሥራ ያደግን ስለ ሆንን ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ማናቸውም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከግርጌው «አባሪ 46 ገጽ» ተብሎ የሚጻፍበት ልማድ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ተቀባዩ ቈጥሮ የጎደለውን እንዲያውቅ ነው። ልጅቱ በየደብዳቤው ራስ ላይ «ከስምንቱ ሁለተኛው፥ ከገጽ 7 እስከ 12» ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ፥ ወንድሟ ስምንተኛውን ብቻ ሲያገኝ ሰባት እንደ ቀሩበት ወዲያው ባወቀ ነበር። ነገር ግን ይህን ልማድ ከወረቀቱ ጋራ ጥለነው የመጣን ሰዎች ብዙዎች ነን፤ ትላልቅ መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደሉም።

ደግሞ ኢሜይል ከፖስታ የሚለይበት ነገር አለ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታን በአገራችን ባቆሙ ጊዜ፥ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. ወደ ዓለም የፖስታ ማኅበር በገባች ጊዜ የተለመደው ሥርዓት፥ ጥቅሉ በላኪው ፊት በሚዛን ላይ እንዲወጣ ነው። ከብዶ እንደ ሆነ ወዲያው ይነገረዋል። በጥር 1989 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው በኢንተርኔት መንገድ ግን ሁለት ሚዛን አለ፤ አንዱ በላኪው ቤት፥ አንዱ በተቀባዩ ቤት። ጂሜይል 25 ሜጋባይት ይፈቅዳል፤ ከዚያ ያለፈውን ፋይል ራሱ ወደ ድራይቭ ያገባና በደብዳቤው ላይ መክፈቻውን ብቻ ያኖራል። ከ10 ሜጋባይት በላይ የማይቀበሉ መሥሪያ ቤቶች ግን አሉ። የባልቴቲቱ ልጅ የሰጠው አድራሻ የሚሠራበት ድርጅት አድራሻ ነበር፤ የግሉን ሰጥቶ ቢሆን ምናልባት ደብዳቤዎቹ ባለፉ። ስለዚህ የተቀባዩ ልክ ያልታወቀ እንደ ሆነ አባሪውን ከ7 ሜጋባይት በታች ማድረግ ይሻላል፤ 25 እንደሚቀበል የታወቀ እንደ ሆነም ከ18 እንዳያልፍ መጠንቀቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ መፍትሔው ሄድን። አስቀድመን ልጅቱን የጠየቅናት፥ ለአንድ ገጽ ጽሕፈት 4 ሜጋባይት ምን ያደርጋል ብለን ነው። የኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ በአንዱ ፎቶግራፍ ክብደት ከ1 ሚሊዮን ከ300 ሺሕ በላይ ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ይህም ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ መጻፍ ነው። ፎቶግራፉ ግን የከበደው በፊደሉ አልነበረም። የጠረጴዛውን እንጨት፥ የመስኮቱን ጥላ፥ ወረቀቱን የያዘውን የታናሽ ወንድሟን አውራ ጣት፥ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ተሸክሞ ነበር።

አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ፋይሉን ዚፕ በሚባለው ጥቅል ማሰር ይመክራል። ለፎቶግራፍ ይህ ጥቅም የለውም፤ ከስልክ የሚወጣ ፎቶግራፍ አስቀድሞ የታመቀ ስለ ሆነ ዳግመኛ ቢያስሩት አይቀንስም። የሚሻለው በስልኩ ላይ ባለው የወረቀት መቅጃ፥ ማለት ስካን በሚያደርገው ፕሮግራም ማንሣት ነው። ይህ ፕሮግራም የወረቀቱን ዳርቻ ለይቶ የቀረውን ይቈርጣል፤ ጥላውን ያነጻል፤ ገጾቹንም በተራ ሰፍቶ አንድ የፒዲኤፍ መጽሐፍ ያደርጋቸዋል። በጥቍርና በነጭ ብቻ ቢያነሡት ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል። ነገር ግን ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማኅተም ያለበትን ገጽ በጥቍርና በነጭ ማንሣት አንወድም። የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም ከጽሕፈቱ ጋራ ተደባልቆ ሲጠቍር፥ ዋናው ማኅተም ይሁን ግልባጭ ለመለየት ያስቸግራልና። ስለዚህ ማኅተም ያለባቸውን ገጾችና የቤቱን ካርታ በቀለም፥ የቀሩትን በጥቍርና በነጭ አነሣን። በመጨረሻም እያንዳንዱን ገጽ በስልኩ ላይ አስፍተን የመዝገቡ ቍጥር፥ ቀኑና ፊርማው የሚነበብ መሆኑን ተመለከትን። 46ቱም ገጽ 6 ሜጋባይት ሆነ።

ፋይሉ በዚህ መንገድ የማይቀንስ፥ ለምሳሌ የሠርግ ፊልም ወይም ከሐኪም ቤት የመጣ ትልቅ የምርመራ ሥዕል፥ እንደ ሆነ ግን በጎተራ አኑሮ መክፈቻውን መላክ ይቀላል። ይህ መክፈቻ ሊንክ የሚባለው የአድራሻ መስመር ነው። ከዚህ ላይ እንደ ጸሐፊነታችን አጥብቀን የምንናገረው አለን። ድራይቭ ሊንክ ሲሰጥ ለተጠራው ሰው ብቻ ወይስ መስመሩን ላገኘ ሁሉ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ለቅልጥፍና ሲል ላገኘ ሁሉ ይላል። ኑዛዜን፥ የመታወቂያ ቍጥርንና የቤት ካርታን ለማንም መንገደኛ መክፈት በገበያ ቀን ሰነድን በዛፍ ላይ እንደ መስቀል ነው። ለተጠራው ብቻ ማለት ይገባል፤ ሲባልም ተቀባዩ በየትኛው አድራሻ እንደሚገባ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በሌላ አድራሻው የገባ እንደ ሆነ በሩ ይዘጋበትና፥ ከለከሉኝ ብሎ ሌላ ቅያሜ ይነሣል።

ቴሌግራምም እስከ 2 ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል ያደርሳል፤ በአገራችንም ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል። ወረቀት በሱ ሲላክ ግን በፎቶግራፍ በኩል ሳይሆን በፋይል በኩል መላክ አለበት። በፎቶግራፍ በኩል የሄደውን መኪናው ራሱ ስለሚያሳንሰው፥ በማኅተሙ ዙሪያ ያለው ደቃቅ ጽሕፈት ሊደበዝዝ ይችላል።

የመረቡ ቅጥነት ሌላ ነገር ነው። 25 ሜጋባይት በቢት ሲቈጠር 200 ሜጋቢት ይሆናል፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት በምታሳልፍ ቀጭን መስመር 26 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በመካከሉ መስመሩ ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ይሆናል። መረቡ ከነጭራሹ በሌለ ጊዜ ግን ብልኀቱ ሁሉ ያልቃል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቈየበት ጊዜ፥ ማሳነስም ማካፈልም አልጠቀመም። ያን ጊዜ የቀረው መንገድ የጥንቱ ነው፤ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ዐባይን ለሚሻገር የታመነ ሰው መስጠት።

ወደ ባልቴቲቱ ቤት ነገር እንመለስ። 6 ሜጋባይት የሆነው መጽሐፍ በአንድ ደብዳቤ ሄደ። ከግርጌው «አባሪ 46 ገጽ፤ ሲደርስህ ቍጥሩን አስታውቀን» ተብሎ ተጻፈበት፤ ይህን የጻፈችው እኅቱ ናት። ከደብዳቤው ጋራም ሰባቱን የተመለሱ ጽሕፈቶች አያይዛ ላከችለት። መልሱ በማግሥቱ ጧት መጣ፤ የመጀመሪያው መስመር «46 ገጽ ደርሶኛል» የሚል ነበር። ከዚያም ስልክ ደወለና ከእናቱ አስቀድሞ እኅቱን ጠየቀ። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማንም፤ ልጅቱ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ሄዳ ነበር። ውክልናው ተፈርሞና ተረጋግጦ ከቀጠሮው 4 ቀን አስቀድሞ ከመዝገቡ ጋራ ተያያዘ።

በኑዛዜው ሦስተኛ ገጽ ላይ፥ ይኸውም ከተመለሱት ደብዳቤዎች በመጀመሪያው ውስጥ፥ ሟቹ ሲጸልዩበት የኖሩት በማተሚያ ቤት የታተመ ዳዊት ለታላቁ ልጅ እንዲሰጥ ታዝዞ ነበር። እሱም ከርስቱ ሁሉ ይህን ብቻ በቶሎ ላኩልኝ አለ። ባለፈው ሳምንት እኅቱ ዳዊቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ወሰደችው። ባልቴቲቱም አብረው ሄደው ነበርና፥ ጸሐፊው ጥቅሉን በሚዛን ላይ ሲያወጣው ጠጋ ብለው፥ «ልጄ፥ ከብዶ እንደ ሆነ አሁኑኑ ንገረን» አሉት።